ብይዋ ስምሪት ትጠብቃለች

ባለፈው ሰሞን አንዲት አንባቢያችን «ስሜ እንዳይገለጽ» ብላ አጠር ያለች ደብዳቤ ላከችልኝ። ታናሽ ወንድሟ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሥራ የለውም። ቀኑን ሙሉ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩ ላይ ጌም ሲነካካ ይውላል። «ብመክረው አይሰማ፣ ብቆጣው ያኮርፋል፣ ስልኩን ብቀማው ከቤት ወጥቶ አምሽቶ ይመጣል። ደግሞ እኮ አንድ ደረጃ ባለፈ ቁጥር ብቻውን ይስቃል! እባክሽ ምን ይሻለኛል?» ትላለች።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ጊዜውን ከፋፍሎ ይጠቀም፣ መጽሐፍ ያንብብ፣ ስፖርት ይሥራ፣ ከመጥፎ ጓደኛ ይራቅ... እኔም ይህንኑ ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር። ግን ያቺ «ብቻውን ይስቃል» የምትለው ነገር ያዘችኝ። ምክንያቱም እናንተዬ፣ እኔም በጌም የመቶ አለቃ ማዕረግ የደረስኩ ሰው ነኝ! ብቻዬን ግን አይደለም። በግማሽ ነው። ግማሹ የወንድሜ ነው።

አምባ ጊዮርጊስን ወደ ስሜን ተራሮች ለሽርሽር የሄደ ሰው ሁሉ በመኪና መስኮት አይቷት አልፏል። ከጎንደር ተነስቶ የደባርቅን መንገድ የያዘ እንግዳ ኮሶዬ ላይ ወርዶ ገደሉን እያየ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ ትንሽ እንደተጓዘ እኛ ጋ ይደርሳል። እኛ ጋ ግን አይወርድም። የመጣው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነውና ገና አልራበውም። የወገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አገሩ የገብስ፣ የድንችና የነጭ ሽንኩርት አገር ነው። ብርዱን ደግሞ አታንሱት! በኅዳር ጠዋት ሳሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነው የሚነጋው። ጋቢ ያልደረበ ሰው ካያችሁ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ጋቢውን ሸጦ ጠጥቶበታል።

በ2004 ዓ.ም. የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እዚያች ከተማ ውስጥ ወንዶቹ ኳስ አላቸው፣ ብይ አላቸው፣ ጆተኒ አላቸው። ሴት ልጅ ጆተኒ የሚጫወቱበት በረንዳ አጠገብ አምስት ደቂቃ ከቆመች ግን ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። እኔ ያለኝ አያ ብቻ ነበር። አያ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው፤ በእኛ አገር ታላቅ ወንድም ዝም ብሎ በስሙ አይጠራም። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቶ ጎንደርና ደባርቅ በሚመላለስ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ላይ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ አንዲት ፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሑፍ ቤት ነበረች። ባለቤቷን «እትዬ» ነበር የምንላቸው፤ በደርግ ጊዜ ታይፕ የተማሩ፣ ጣታቸው እንደ መውዜር የሚንጣጣ ሴት ናቸው። ሁለት ኮምፒዩተር አላቸው። አንዱ የሥራ ነው። ሁለተኛው ጀርባው እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ያበጠ፣ ለመለማመጃ የሚከራይ ነው፤ ግማሽ ሰዓት 3 ብር። እናታችን ለዚህ ብላ ከእንቁላል ሽያጭ ትሰጠኝ ነበር፤ አያም ከአበሉ ይጨምርበታል። ዓላማው ልጅቷ ኮምፒዩተር እንድትማር ነው። ታዲያ ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚባለው ነገር ሆዱ ውስጥ ጌም ደብቆ እንደሚመጣ እናታችን በምን ታውቃለች?

ጌሙ «ስፔስ ካዴት» ይባላል፤ የጠፈር ካዴት ማለት ነው። ያላያችሁት ወጣቶች ካላችሁ ላስረዳ። ፒንቦል ነው። ተዳፋት ሰሌዳ አለ። ታች በኩል ሁለት ትንንሽ ክንፎች አሉ። ረጅሙን ቁልፍ ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት አንዲት የብረት ብይ ወደ ላይ ትተኮሳለች፣ ከዚያ እየተንጫጫች ትወርዳለች። በሁለቱ ክንፎች መካከል ካመለጠቻችሁ ገደል ገባች ነው። ሦስት ብይ ይሰጣችኋል፤ ሦስቱም ካለቁ ጨዋታው አበቃ። በኪቦርዱ ላይ የግራው ክንፍ ዜድ የምትባለዋ ፊደል ናት፣ የቀኙ ደግሞ በስተቀኝ ያለችው ያዘነበለች ሰረዝ። እኛም አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበን፣ አንድ ወንበር ለሁለት ተካፍለን፣ እሱ የግራውን ክንፍ፣ እኔ የቀኙን እንይዛለን። ብይ ስታመልጥ ታዲያ ጠቡ አይጣል ነው! «ያንቺ ወገን ነበረች!» «ኧረ ያንተ ናት አያ!» እትዬ ከወዲያ ሆነው «ታይፑ እንዴት ነው?» ሲሉን እኩል ዝም እንላለን።

(ይኼ ጨዋታ ጥንትም ቢሆን ጥሩ ስም ኖሮት አያውቅም። ክንፍ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ከዚያ በፊት ብይዋን ከተኮሱ በኋላ የሚደረግ ብዙም ነገር አልነበረም፤ ዕድል ወደ ወሰዳት ትወርዳለች። ስለዚህም ቁማር ነው ተባለ። የኒው ዮርክ ከተማ በ1942 ከልክሎት ማሽኖቹ በመዶሻ ሲሰባበሩ ከንቲባው ፎቶ ተነስተዋል። እገዳው የተነሳው ከ34 ዓመት በኋላ በ1976 ነው። ያኔ ሮጀር ሻርፕ የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ በከተማው ምክር ቤት ሰዎች ፊት ተጫወተና «አሁን የምተኩሳት ብይ በመሃለኛው መንገድ ትወርዳለች» አለ። ተኮሰ፤ ወረደች። ዕድል ሳይሆን ችሎታ መሆኑን አሳመናቸው። እህቴ፣ ወንድምሽን «ቁማርተኛ» እያልሽ እንደምትጠሪው ስለጻፍሽልኝ ነው ይህን ማንሳቴ።)

ለዕቃዎቹ ሁሉ ስም አውጥተንላቸዋል። ላይ በኩል ብይዋን እየመቱ የሚመልሷት ድቡልቡሎች «እንጉዳይ» ናቸው። ብይዋን ወስደው በሌላ ቦታ የሚተፏት ጉድጓዶች «የቀበሮ ጉድጓድ» ናቸው። ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ «ዳገቱ» ነው። እንጉዳዮቹን ከመታችሁ ነጥብ ይቆጠራል። ሲንጣጣ፣ ሲያበራ፣ ቁጥሩ ሲሮጥ... እኛም ጨዋታው ይኼ ነው ብለን ለአንድ ዓመት ያህል እንጉዳይ ስንደበድብ ከረምን። ነጥባችን መቶ ሺዎችን አልፎ ሚሊዮን ገባ። እትዬ እንኳ አንድ ቀን ቁጥሩን አይተው «ብር ቢሆን እኮ!» ብለዋል። ማዕረጋችን ግን ያው ካዴት። የመጀመሪያ ቀን ካዴት፣ በዓመቱም ካዴት። አያ በዚህ በጣም ይናደድ ነበር። «ኧረ ይኼ ሰውዬ ዕድገት አይሰጥም እንዴ?» ይላል፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ አንድ አለቃ የተቀመጠ ይመስል።

ከሰሌዳው በስተቀኝ ጽሑፍ የሚወጣባት አንዲት ሳጥን አለች። እንግሊዝኛ ስለሆነች አንብበናት አናውቅም። አንብበናት አናውቅም ስል ፊደሉን ማለቴ አይደለም፤ ፊደሉን እንቆጥራለን። አንድ ቀን፣ 2005 መጀመሪያ ላይ ይመስለኛል፣ ለቤት ሥራ የተዋስኩት የእንግሊዝኛና አማርኛ መዝገበ ቃላት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መብራት ሄዶ እስኪመጣ ስንጠብቅ ቆየን። ሲመጣ ጌሙን እንደ አዲስ ከፈትነው፤ ብይዋ ገና መተኮሻው ላይ ተቀምጣ ሳለ ሳጥኗ ሁልጊዜ የምትጽፈውን ጻፈች፤ «አዌይቲንግ ዲፕሎይመንት»። መጽሐፉን ገለጥኩ።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ስምሪት በመጠባበቅ ላይ ነው የሚለው።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ወይኔ! ይኼን ሁሉ ጊዜ ያለ ስምሪት ነዋ ስንነዳ የከረምነው!»

መናኸሪያ ውስጥ የሠራ ሰው ይኼን ቀልድ ያውቀዋል። አውቶቡስ ሞላም አልሞላም የስምሪት ወረቀት ሳይቆረጥለት ከግቢው አይወጣም። የቱንም ያህል ብትነዳ፣ የቱንም ያህል ጭነህ ብትመላለስ፣ ወረቀቱ ከሌለህ ጉዞው ጉዞ አይባልም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳጥኗ የምትለውን ሁሉ ቃል በቃል እየፈታን ማንበብ ጀመርን። ጉዱ የወጣው ያኔ ነው!

ለካ ማዕረግ በነጥብ አይገኝም። አንዳች ግንኙነት የለውም! ሰሌዳው ላይ ሦስት ትንንሽ ኢላማዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ድምፃቸው ደካማ፣ ነጥባቸው ትንሽ ነውና እኛ ዞር ብለን አይተናቸው አናውቅም። የተልዕኮ ኢላማዎች ይባላሉ። እነሱን ስትመቱ ሳጥኗ አንድ ተልዕኮ ትመርጥላችኋለች። መመረጡ ብቻውን አይበቃም፤ ብይዋን ዳገቱን ማስወጣት አለባችሁ፤ ያኔ ተልዕኮውን ተቀበላችሁ ማለት ነው። ስምሪት ተቆረጠ! ከዚያ በኋላ የታዘዛችሁትን ትፈጽማላችሁ። ለካዴት የሚሰጠው ቀላል ነው፤ አንዱ ዳገቱን ሦስት ጊዜ መውጣት፣ ሌላው እንጉዳዮቹን ስምንት ጊዜ መምታት ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ስምንት ጊዜ! እኛ በዓመቱ ውስጥ መቶ ሺህ ጊዜ ሳንመታቸው አልቀረንም፤ ግን ያለ ትእዛዝ ስለሆነ አንዱም አልተቆጠረልንም። ተልዕኮ በተፈጸመ ቁጥር መሃል ላይ ባለው ክብ ዙሪያ መብራቶች ይበራሉ። ዙሪያው ሲሞላ ማዕረግ ይጨመራል።

ነዳጅም አለው። ዳገቱን ወጥታችሁ ተልዕኮ ከተቀበላችሁ በኋላ የነዳጁ መብራቶች አንድ በአንድ እየጠፉ ይሄዳሉ፤ ካልሞላችሁ ተልዕኮው ይሰረዛል። በጎን በኩል ደግሞ የአደጋ ኢላማዎች የሚባሉ አሉ፤ ሦስቱንም ከመታችኋቸው በር ይከፈትና ወደ ጎን ገደል የገባችውን ብይ መልሶ ይሰጣችኋል፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ። አያ ከሁሉ የሚወደው ይኼንን ነበር። ተልዕኮውን ትቶ በሩን ለማስከፈት ሲደክም ይውላል። «መጀመሪያ መመለሻችንን እናዘጋጅ» ይላል። ረዳት አይደል፤ ደባርቅ ሳይደርስ ስለ መልሱ ተሳፋሪ ያስባል።

ብይዋ ወደ መጥፎ አቅጣጫ ስትሄድ ሰሌዳውን ገፋ ማድረግ ይቻላል፤ የራሱ ቁልፍ አለው። ከልክ በላይ ከገፋችሁት ግን «ቲልት» ብሎ ክንፎቻችሁን ያደርቃቸዋል፤ ብይዋ ስትወርድ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ታያላችሁ። ይኼንን ደግሞ እኔ ነኝ ሳበዛው የነበረው። ትዕግሥት የለኝም፤ ዛሬም የለኝም።

እንዲህ እያልን ከካዴት ወጣን። ኢንሳይን የሚባል ማዕረግ አለ፤ እሱን አለፍነው። ከዚያ ሌተናንት ሆንን። አያ የዚያን ዕለት ማታ ቤት ገብቶ ጋቢውን ሳያወልቅ «እማ፣ የመቶ አለቃ ሆነናል!» አላት። እናታችን እሳት እየቆሰቆሰች ነበር። «የማን ጦር ነው?» አለች። «የጠፈር።» እሷም ጠፈርን የት እንደሰማችው እንጃ እንጂ በማግሥቱ ለጎረቤት ልጄ ኮምፒዩተር ቤት የመቶ አለቃ ሆነ ብላ አውርታ ቆየችን። ለብዙ ጊዜ ሰፈር ውስጥ «የመቶ አለቃ» ሲሉት ይስቅ ነበር። እኔም ግማሽ የመቶ አለቃ መሆኔን ማን ያስታውስ!

ከዚያ ብጣሽ ወረቀቷ መጣች። አውቶቡሱ ላይ የተሳፈረ አንድ የጎንደር ተማሪ ነው የጻፈለት። አራት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ናቸው፤ አር፣ ኤም፣ ኤ፣ ኤክስ። ብይዋ ሳትተኮስ እነሱን ከጻፋችሁ ማዕረግ ዝም ብሎ ይጨመራል። ተልዕኮ የለ፣ ዳገት የለ። አያ ጻፈው። ሻምበል ሆነ። ደገመው። ደግሞ ጻፈው። አድሚራል ገባ! እኔ አኮረፍኩ። እሱም መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ብይዋን ተኩሶ የመጣለትን ተልዕኮ ሲያይ ምን እንደሆነ አላወቀውም። በየማዕረጉ የሚሰጠው ትእዛዝ ይለያያላ! የአድሚራሉ ተልዕኮ እኛ መንገዱንም የማናውቀው ነው። ብይዋ ወረደች። «አሁንስ ምን እናድርግ?» አለኝ፤ እኔ ዝም አልኩት።

በዚያው ዓመት መናኸሪያ አካባቢ ሌላ ሰው ይመላለስ ነበር። በመተማ በኩል ሱዳን፣ ከሱዳን ሊቢያ፣ ከሊቢያ ባሕሩን... እያለ የሚያወራ። ደላላ የሚባለው ሰው ሁልጊዜ ጥቁር መነጽር ያደረገ አይምሰላችሁ፤ የኛው ሻይ የሚጋብዝ፣ የእናታችሁን ጤና የሚጠይቅ፣ ደግ የሚመስል ሰው ነው። አውቃለሁ፣ አሁን ደላላውን ከዚያች ብጣሽ ወረቀት ጋር እንዳመሳስለው ትጠብቃላችሁ። አላደርገውም። ወንድሜ ድኻ ነበር እንጂ ሞኝ አልነበረም። አቋራጭ ፈልጎ አይደለም የሄደው። አውቶቡሱ ተበላሽቶ አምስት ወር ያለ ሥራ ተቀምጦ ነበር። እየዞረ ጠይቋል። የሚመታቸውን ኢላማዎች ሁሉ መትቷል። ለእሱ ሳጥኗን የሚያነብለት ሰው አልተገኘም፤ የእኔ መዝገበ ቃላት ደግሞ ለዚያ አልሆነም።

ጥር 2006 ላይ አንድ ጠዋት ተነስተን ስናይ ፍራሹ ተጠቅልሏል። እናቴ አላለቀሰችም፤ ጋቢውን አጥፎ ትቶት መሄዱን ስታይ ነው ያለቀሰችው። መተማ ቆላ ነው፤ ጋቢ ምን ያደርግለታል። እኔም ከሳምንት በኋላ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሄድኩ። 3 ብሬን ላወጣ ስል እትዬ እጄን መለሱት። «ወንድምሽ 60 ብር ከፍሎልሻል። አሥር ሰዓት አለሽ» አሉኝ።

ወንበሩ ለአንድ ሰው ሲሆን ሰፊ ነው። ጌሙን ከፈትኩ። ስምሪት በመጠባበቅ ላይ ይላል። ተኮስኩ። በሁለት እጅ መጫወት እኮ ቀላል ነው፤ ማንም ብቻውን ነው የሚጫወተው። እኔ ግን ግራ እጄን አላነሳሁም። ብይዋ ወደ እሱ ወገን በሄደች ቁጥር ዝም ብዬ አየኋት። ሦስቱም በዚያው ወረዱ። ከአሥሩ ሰዓት ዘጠኙን ተኩል በእውነት ታይፕ ተለማመድኩበት። ዛሬ ይኼን ዓምድ በአሥር ጣቴ የምጽፈው በዚያ 60 ብር ነው።

ቆይቶ ኮምፒዩተሩ ቫይረስ ገባበትና እንደ አዲስ ተጫነ። ጌሙ ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገቡ አምስት ስሞችን ይይዝ ነበር፤ አምስቱም የእኛ ነበሩ፤ ጠፉ። ከኤክስፒ በኋላ የመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ጌሙን ጭራሽ ይዞት አልመጣም። ለምን ብዬ በኋላ አንብቤያለሁ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራ ነው፤ ሲነማትሮኒክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ነው የሠራው። የማይክሮሶፍት ባለሙያው ሬይመንድ ቼን በ2012 እንደጻፈው፣ ጌሙን ለ64 ቢት ኮምፒዩተር ሊያስተካክሉት ሲሞክሩ ብይዋ መንካት ተሳናት። ዕቃውን አትመታም፣ በውስጡ አልፋ ትሄዳለች፤ መተኮሻውንም እንደ ጥላ አልፋ ወደ ታች ትወርዳለች። ምክንያቱን ማግኘት ስላልቻሉ አስወጡት። አልፈርድባቸውም። ኢላማውን የማትነካ ብይ ምን ይደረግባታል?

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ ነጥቤ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። ጎንደር ወርጄ ቤት ተከራየሁ፣ ጽሑፍ እየተየብኩ፣ ኋላም እየጻፍኩ መኖር ጀመርኩ። አያ ሊቢያ አልደረሰም። ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ አጨደ፣ ካርቱም ላይ መኪና አጠበ። በዓመት ሦስት አራቴ ይደውላል፤ ብዙ አያወራም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ተነሳ። ለሃምሳ ቀናት ያህል ስልክ የለም። እናቴ በእነዚያ ቀናት ያረጀችውን ያህል በዘጠኙ ዓመት አላረጀችም። ሰኔ ውስጥ በመተማ በኩል ከመጡት ጋር መጣ። አንዲት ፌስታል ይዟል። ውስጧ ምን እንዳለ እስካሁን አልጠየቅሁትም።

እኔ ጋ ሰነበተ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይቀመጣል። ጎረቤት ሁሉ መካሪ ሆነ። «ሥራ ፈልግ»፣ «ሚስት አግባ»፣ «ጸበል ሂድ»። እኔም መክሬዋለሁ፤ ሥራዬ አይደል! እያንዳንዱ ምክር በውስጡ አልፎ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት።

ጥቅምት 2016 ላይ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ፋይል ሰጠችኝ። ያ ጌም በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ኮዱን ከተሠራው ጌም ላይ መልሶ ፈትቶ ለአዳዲስ ኮምፒዩተሮች እንዲሆን አድርጎታል። ያረጀ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩት። ማታ መኝታው አጠገብ ወንበር ስቤ ከፈትኩት። ምንም አላልኩትም። ያቺ ሳጥን ያንን ዓረፍተ ነገር ጻፈች። እኔ ቀኝ እጄን ያዘነበለችው ሰረዝ ላይ አደረግሁ፤ ተኮስኩ። ብይዋ ወጣች፣ እንጉዳዮቹን መታች፣ ወደ ግራ ወረደች። አመለጠች። ሁለተኛዋም በግራ በኩል አመለጠች። ሦስተኛዋ ስትወርድ አንድ ሻካራ ጣት ከጎኔ መጥቶ ዜድ ላይ አረፈ።

«ዳገቱን አንቺ ነሽ የምታወጫት» አለኝ። ከሰኔ ጀምሮ የተናገረው ረጅሙ ዓረፍተ ነገር ይኼ ነው።

እንግዲህ እህቴ፣ ምክር ጠይቀሽኝ ይኼን ሁሉ አወራሁሽ። የወንድምሽን ስልክ አትቀሚው። አንድ ማታ ግማሽ ሰዓት አጠገቡ ተቀመጪ። ስንት ነጥብ አገኘህ ብለሽ አትጠይቂው፤ እሱን ማንም ይጠይቀዋል። «ይኼን በር የሚከፍትልህ የትኛው ነው? ለምንድነው የማይከፈተው?» በይው። ሲያስረዳሽ አታቋርጪው፤ ወንድምሽ የሆነ ነገር በሚገባ ሲያስረዳ የሰማሽበት ቀን ምናልባት ሩቅ ነው። ከዚያ ስለ ሥራው፣ ስለ ትምህርቱም በዚያው ቋንቋ ልትጠይቂው ትችያለሽ፤ ቀበሌው ምን ይፈልጋል፣ ወረቀቱን የሚፈርመው ማነው፣ ማመልከቻው ላይ ያለው ቃል ምን ማለት ነው? የሚያነብለት ከሌለ አንቺ አንብቢለት። ይሠራል ብዬ አልምልልሽም። እኔ ጋ አራት ወር ፈጅቷል፤ እሱም ገና አላለቀም።

እኛ በዚያው ሳምንት ማታ ማታ ተጫወትን። ጣታችን ዝጓል። ካዴትነቱን ለማለፍ ሦስት ቀን ፈጀብን። አያ አሁንም መጀመሪያ የጎኑን በር ነው የሚያስከፍተው፤ አሁን አልናደድበትም። ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን ነዳጃችን አንዲት መብራት ቀርታው ተልዕኮውን ጨረስንና ከሌተናንት ወጣን። ካፒቴን! በብጣሽ ወረቀት ሳይሆን በዳገት። እሱ ብድግ ብሎ ስልኬን አንስቶ አምባ ጊዮርጊስ ደወለ። እናታችን በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህባት ምን ያህል እንደደነገጠች አስቡት።

«እማ፣ ምንም አይደለም፣ ደህና ነን። ሻምበል ሆንኩ!»

ወዲያ ዝም አለ። ከዚያ ድምጿ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ።

«ከመቶ አለቃ ሻምበል ለመሆን አሥር ዓመት? ደመወዝህስ ላይ ምን ያህል ጨመሩልህ?»